«ወይ 16 ሺህ ክፈዪ፣ ወይ ቤቱን ልቀቂ» ለተባለች ተከራይ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው።

«አዲስ አበባ፣ ከአከራዬ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከገባሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ውላችን የሁለት ዓመት ነው፣ ወረዳም አስመዝግበነዋል። ውሉ ላይ የተጻፈው 8,000 ብር ነው። የምከፍለው ግን 12,000 ነው። 8,000ውን በባንክ አስገባለሁ፣ 4,000ውን በእጅ እሰጣቸዋለሁ። ስገባ የሦስት ወር ቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውለው ‹ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 16,000 ነው። ካልሆነልሽ በአንድ ወር ውስጥ ልቀቂ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሁለት ቀን ተዘጋብኝ። ሥራ በዋልኩበት ቀን በትርፍ ቁልፍ ገብተው ቤቱን ለሰው እንዳሳዩም ጎረቤት ነግሮኛል። ደላላው ደግሞ ‹የገዛው ሰው በማግስቱ ያስወጣሻል፣ ከአሁኑ ሌላ ቤት እንፈልግ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዕቃ መሸከፉን ተዪው። ደላላውንም ለጊዜው እሺ ብለሽ እለፊው። አዲስ ቤት ባገኘልሽ ቁጥር ኮሚሽን አለው። ምክሩን በዚያው ልክ ስሚው።

በአንድ ወር ውስጥ የመልቀቅ ግዴታ የለብሽም። 16,000 የመክፈል ግዴታም የለብሽም። የቤቱ መሸጥ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፣ እሱ የራሱ ሕግና የራሱ ጊዜ አለው። አከራይሽ ጭማሪን፣ ሽያጭንና ማስወጣትን በአንድ ስልክ ጠቅልለው ነው የነገሩሽ። ምናልባት አስበውበት ላይሆን ይችላል። አንቺ ግን ለያይተሽ ማየት አለብሽ፣ ምክንያቱም ሕጉም ለያይቶ ነው የሚያያቸው።

ዋናው ሕግ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት የአከራይና የተከራይ ነገር በዋናነት የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ያ ሕግ የኪራይ ዋጋን በመሠረቱ ለሁለቱ ስምምነት የተወ ነው። «ቤቴ ነው፣ ዋጋውን እኔ ነኝ የማውቀው» የሚለው አባባል ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አሁንም አልሞተም። አዲሱ አዋጅ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ እሱ ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምጠቅስልሽ።

ከጭማሪው እንጀምር።

በአዋጁ መሠረት አከራይ በፈለገ ጊዜ ኪራይ አይጨምርም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እሱም ተቆጣጣሪው አካል ወስኖ ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የያዘው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው፣ ታች ደግሞ ወረዳ ላይ ያለው ጽሕፈት ቤት አለ። ውላችሁን ያስመዘገባችሁበት ቢሮ ማለት ነው። እዚያ ሄደሽ «የዘንድሮው የጭማሪ መጠን ስንት ነው?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። መልሱ ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር ልብ በይ። ጭማሪው የሚሰላው ውሉ ላይ ካለው ዋጋ ተነስቶ ነው። ያንቺ ውል ደግሞ 8,000 ነው የሚለው።

ጉዳይሽ የሚወሳሰበውም የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ የኪራይ ገቢ ግብር። ውሉ ወረዳ ከተመዘገበ ቁጥሩ ግብር ሰብሳቢው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። አከራዩ ዝቅ ያለ ቁጥር ይፈልጋል። ተከራዩ ቤቱን ስለሚፈልግ ይፈርማል። ቀሪው በፖስታ ይሰጣል። ለጊዜው ሁለቱም የተስማሙ ይመስላቸዋል። ጠብ ሲመጣ ነው ወረቀቱ የሚናገረው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለ ስምምነታቸው ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። ቀጣዩ አንቀጽ 2006 ደግሞ ጽሑፉ ከሚለው ውጭ ምስክር አቅርቦ ማስረዳትን ይከለክላል። በመርህ ደረጃ የቀረው መንገድ የፈረመውን ሰው ማስማል ነው። በተራ አማርኛ ስናወራው፣ አከራይሽ ፍርድ ቤት ቆመው «ኧረ በእውነት 12,000 ነበር የምትከፍለኝ» ቢሉ ጎረቤት አምጥተው ሊያስረዱ አይችሉም። በራሳቸው ፊርማ ታስረዋል። ወረዳ ሄደን ቁጥሩን እናስተካክል ቢሉም ከ8,000 ወደ 12,000 መሄዱ ራሱ ጭማሪ ሆኖ ሊታይባቸው ይችላል። ለግብር ብለው ያጠሩት አጥር እሳቸውንም አጥሯቸዋል።

አንቺም ግን እጅሽ ንጹሕ አይደለም። ፊርማሽ እዚያው ወረቀት ላይ አለ። በተጨማሪም አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈል ይላል። በየወሩ በእጅ የሰጠሻቸው 4,000 ከዚህ ውጭ ነው። ዛሬ «መልሱልኝ» ብትዪ በምን ታስረጃለሽ? ደረሰኝ የለ፣ የባንክ ዝርዝር የለ። አንቀጽ 2006 እሳቸውን እንደሚያስረው አንቺንም ያስራል። ያለፈውን የዓመት ከሁለት ወር ልዩነት አስመልሳለሁ ብለሽ ክስ እንድትመሠርቺ አልመክርሽም።

እና ከአሁን በኋላ ስንት ልክፈል ትዪኝ ይሆናል። በሕግ ዓይን ያለብሽ ዕዳ 8,000 ነው። ይህን በድፍረት እነግርሻለሁ። ነገር ግን ነገ ተነስተሽ «ከዛሬ ጀምሮ 8,000 ብቻ ነው» ብትያቸው ምን እንደሚመጣ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት። ለዓመት ከሁለት ወርም 12,000 እየከፈልሽ በሰላም ኖረሻል። እኔ ብሆን 12,000ውን ሁሉንም በባንክ ለመክፈል እጠይቃለሁ። እንዲህ ስትጠይቂ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ይቀበሉና ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል፣ ወይ «4,000ው በእጅ ይሁን» ይሉሻል። ያኔ «እንግዲያው ውሉ ላይ ያለውን በባንክ አስገባለሁ፣ ትርፉን እናወራበታለን» ማለት ትችያለሽ። ጭቅጭቁ ሲከር 8,000ው ላይ ቆሞ መከራከር የመጨረሻ መደገፊያሽ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመዘዝ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ለገቢዎች እናገራለሁ» ብለሽ እንዳታስፈራሪያቸው። መናገር ከፈለግሽ መብትሽ ነው፣ ሄደሽ ተናገሪ። ጥቅም ለማግኘት ብለሽ ማስፈራሪያ ካደረግሽው ግን ባለመብት የነበርሽው አንቺ ራስሽ ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። በስልክ በተቀዳ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጥሩ ጉዳይ ሲበላሽ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሽያጩ።

«ልሸጠው ነው» እና «ተሸጠ» አንድ አይደሉም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 ይህን ይላል። በእኛ አነጋገር ስም ሲዛወር ማለት ነው። ገዢ መጥቶ ቤቱን ማየቱ፣ ቀብድ መቀበላቸው፣ ደላላው በየቀኑ ሰው ማምጣቱ አንቺን ከቤት የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም።

በእውነት ከተሸጠስ? አዋጁ ለዚህ መልስ አለው። ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በዕዳ ምክንያት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተከራዩ እንዲለቅ ማድረግ ይቻላል። ግን የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ «የገዛው ሰው በማግስቱ ያስወጣሻል» የሚለው የደላላው ወሬ ስህተት ነው። አከራይሽ ያሉት አንድ ወርም ስህተት ነው። «ሲሸጥም ማንም አይነካኝም» ብለሽ ብታስቢ ደግሞ አንቺም ተሳስተሻል። የሁለት ዓመቱ ውል ከሽያጭ ሙሉ በሙሉ አይጠብቅሽም። የሚጠብቅሽ ሜዳ ላይ ከመውደቅ ነው። ለምሳሌ ልጅ ከትምህርት ቤት ለማዛወር፣ ብር ለማጠራቀም፣ ደህና ቤት ለመፈለግ ስድስት ወር ቀላል አይደለም።

ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ጠይቂ። ቀን ያለበት፣ የተፈረመበት መሆን አለበት። በስልክ የተባለ ማስጠንቀቂያ መቼ እንደጀመረ ማን ያውቃል? «በመስከረም ነግሬያታለሁ» ሲሉ አንቺ «የለም በጥር ነው» ትያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ምስክር ቆጠራ ነው። ስም መዛወሩን የሚያሳይ ማስረጃም ለማየት ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ፣ ኪራዩን ለማን እንደምትከፍዪ የሚወስነው እሱ ነው። ስሙ ተዛውሮ ሳለ ለድሮዋ አከራይሽ መክፈል ከቀጠልሽ ሁለት ጊዜ ክፈዪ ልትባዪ ትችያለሽ።

ሽያጩ አንዳንዴ ሰበብ ነው። ተከራዩ በድንጋጤ ሲወጣ ቤቱ ለሌላ ሰው በከፍተኛ ዋጋ ይከራያል። ያንቺ አከራይ እንዲህ አድርገዋል እያልኩ አይደለም። ግን ጭማሪውንና ሽያጩን በአንድ ትንፋሽ ማንሳታቸው ያጠራጥራል። ቤቱን ሊሸጥ የቆረጠ ሰው ለሚቀጥለው ወር 16,000 ምን ያደርግለታል?

የቁልፉንና የውሃውን ነገር አንቺ እንደ ቀላል አልፈሽዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቤት ያከራየ ሰው ባለቤትነቱን አላጣም። ቤቱ ውስጥ የመግባት ነፃነቱን ግን ለውሉ ዘመን አሳልፎ ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ደግሞ ያለ ነዋሪው ፈቃድ የሰው መኖሪያ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ቤቱ የማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም ጥያቄው፣ ማን ይኖርበታል የሚለው ነው። አንቺ በሌለሽበት ገብተው ለገዢ ማሳየታቸው ከዚህ ጋር ሊላተም የሚችል ድርጊት ነው።

ይህን ስልሽ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ ማለቴ አይደለም። ቤት የሚሸጥ ሰው ለገዢ ማሳየት ያስፈልገዋል፣ ይህም እውነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀንና ሰዓት ተነጋገሩ። «ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ፣ ያኔ አምጧቸው» በያቸው። ይህን ካልሽ በኋላም በሌለሽበት መግባታቸውን ከቀጠሉ ያኔ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወርቅሽን፣ ፓስፖርትሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽን ደግሞ ዛሬውኑ ዘመድ ቤት አድርሺ። ከሕግ ምክር ይልቅ የእናት ምክር ይመስላል፣ ግን የጠፋ ዕቃ ማን እንደወሰደው ማስረዳት ከሁሉም ክርክር ይከብዳል።

ውሃው ላይ መጀመሪያ እውነቱን አጣሪ። ሁለት ቀን ውሃ መጥፋት አዲስ አበባ ላይ ብርቅ አይደለም። ሠፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ነበር? የእሳቸው ቤት ይመጣ ነበር? መስመሩን ሲዘጉ ያየ አለ? በእርግጥ እሳቸው ዘግተውት ከሆነ ውሉን ጥሰዋል። አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ የማቆየትና ተከራዩን በሰላም እንዲገለገልበት የመተው ግዴታ በፍትሐ ብሔር ሕጉም አለበት። ውሃ መዝጋት፣ መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ግቢ ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ራስን ዳኛም ፖሊስም ማድረግ ናቸው። ተከራይ ምንም ዓይነት ጥፋት ቢኖርበት እንኳ አልወጣም ካለ የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። የባለቤት ጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ደግሞ ሲዘጋ ቪዲዮ ቅረጪ። ቀኑን ጻፊ። ጎረቤት ጥሪና አሳዪ። አሁን የነገረሽ ጎረቤት ምስክር ሊሆን ፈቃደኛ መሆኑንም በጨዋታ መልክ አጣሪ። ወሬ መንገርና ፍርድ ቤት መቆም ይለያያሉ።

ስለ ሦስት ወሩ ቅድሚያ አጭር ነው መልሴ። አዋጁ አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ሦስተኛው ወር ከሕግ በላይ የተወሰደ ነው። ችግሩ በጥሬ ገንዘብ መስጠትሽ ነው። አሁን በመልእክት «እትዬ፣ ስገባ የሰጠሁዎት የሦስት ወር ቅድሚያ የትኞቹ ወሮች ላይ ነው የሚታሰብልኝ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂያቸው። የሚመልሱት ጽሑፍ ገንዘቡን መቀበላቸውን ያሳያል። በራስሽ ፈቃድ «ቅድሚያው አለ» ብለሽ አንድ ወር ሳትከፍዪ እንዳታልፊ ግን። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታዪዋለሽ።

አንቺን በቀላሉ ሊያስወጣሽ የሚችል አንድ ነገር ኪራይ አለመክፈል ነው። ከዚህ በላይ በተናገርኩት ሁሉ ሕጉ ከጎንሽ ነው። ኪራይ ካቋረጥሽ ግን ከጎንሽ ይሄዳል። ብዙ ተከራይ እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ውሃ ከዘጉብኝ እኔም አልከፍልም» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ያልተከፈለ ወር ነው። ቤቱን ለሌላ ሥራ ማዋል፣ ጎረቤት ማወክ፣ ሆን ብሎ ንብረት ማበላሸትም ውል ያፈርሳሉ። ያንቺ ጉዳይ ላይ የሚያሰጋው ግን ክፍያው ነው።

እና አንድ የቆየች ዘዴ አለች። አከራይ ተከራዩን ማስወጣት ሲፈልግ «ብርሽን አልቀበልም» ይላል። ተከራዩ «አልቀበልም ብለዋል እኮ» ብሎ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ «ኪራይ አልከፈለም» የሚል ክስ ይደርሰዋል። አከራይሽ እንዲህ ቢሉ በባንክ አስገቢ። ሂሳቡን ዘግተው ከሆነ ወይም ገንዘቡ ከተመለሰ ፍርድ ቤት አመልክተሽ በአደራ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ባለገንዘብ ክፍያ አልቀበልም ሲል ባለዕዳው እንዲህ አድርጎ ከዕዳው ነፃ የሚወጣበት መንገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተደንግጓል። ባንክ ስታስገቢ ደግሞ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ወሩን ጻፊ፣ «የኅዳር ወር የቤት ኪራይ» ብለሽ። ባዶውን አትተዪው። «ያ እኮ ያበደርኳትን የመለሰችልኝ ነው» የሚል ክርክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በዚህ ሳምንት አንድ መልእክት ጻፊላቸው። በቴሌግራምም ይሁን በስልክ የጽሑፍ መልእክት፣ ብቻ የሚቀመጥ ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ቃሉ የዋህና አጭር ይሁን፦

«እንደምን ሰነበቱ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስለ ኪራይ ጭማሪና ቤቱን ስለመልቀቅ የነገሩኝን አስቤበታለሁ። ወረዳ ያስመዘገብነው ውል ገና ጊዜው አላለቀም። ኪራዬን እንደ ወትሮው በወቅቱ እከፍላለሁ። ቤቱ ለሌላ ሰው ከተላለፈ በአዋጁ መሠረት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ለገዢ ማሳየት ሲፈልጉ ቀኑን አስቀድመው ከነገሩኝ ቤት እጠብቃችኋለሁ።»

ይኸው ነው። ስለ ግብር አይጻፍ፣ ስድብ አይግባ፣ «ጠበቃ አማክሬ» የሚልም አያስፈልግም። ይህች መልእክት ነገ ዳኛ ፊት ብትቀርብ የሚታየው ኪራይ የምትከፍል፣ በር የምትከፍት፣ ሕግ የምትጠይቅ ሰው ነው።

ካልተግባባችሁ የተመዘገበውን ውል ይዘሽ ወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂጂና አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ። አንድ ኮፒ ላይ ገቢ ተደርጎ ማኅተም ይደረግልሽ። ያለ ተቆጣጣሪው አካል ውሳኔ ኪራይ የጨመረ አከራይ በአዋጁ የገንዘብ ቅጣት አለበት፣ ስለዚህ አቤቱታው ባዶ ወረቀት አይደለም። ቢሮው 8,000ውን ውል እንደሚያይ ግን አስቀድመሽ እወቂ። በእጅ ስለምትሰጪው ከተጠየቅሽ እውነቱን ተናገሪ። ውሸት ላይ ውሸት መጨመር ከቅጣቱ ይከፋል።

ወረዳው ካልፈታው ፍርድ ቤት ነው። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ። ውልሽን፣ የባንክ ዝርዝሩንና መልእክቶቹን አትመሽ ሂጂ። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ይረዳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ አከራይሽም ጥቂት ልበል። ምናልባት እሳቸው በዚያች ኪራይ የሚኖሩ ጡረተኛ ይሆናሉ። ኑሮ ሲወደድ ለእሳቸውም ተወዷል፣ 12,000 የዛሬ ዓመት የገዛውን ዛሬ አይገዛም። አዋጁ ተከራይን ሲጠብቅ ይህ ሸክም በከፊል አከራይ ላይ ወድቋል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ቡና ጠርተሻቸው ብታወሩ ከስልኩ የተሻለ ነገር ልትሰሚ ትችያለሽ። ሽያጩ እውነት ከሆነ ለመስማማት ብዙ መንገድ አለ። ለምሳሌ ከስድስት ወር ቀድመሽ ብትለቂላቸው ለእሳቸው ትልቅ ጥቅም ነው፣ ባዶ ቤት ለገዢ ይመቻል። በዚያ ልክ የሁለት ወር ኪራይ ሊተዉልሽ ወይም የዕቃ ማጓጓዣ ሊችሉልሽ ይችላሉ። በፈቃድ መልቀቅ ከተስማማችሁ ይህም በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

አንቺ ራስሽ ልልቀቅ ካልሽም መብት አለሽ። እስከ ውሉ መጨረሻ ታስረሽ አትቀሪም። ከመውጣትሽ ሁለት ወር በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ግን ይጠበቅብሻል። ተናደሽ በአንድ ሌሊት ብትወጪ የሁለት ወሩን ኪራይ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

የምትለቂው ቀን ሲደርስ ቁልፉን በጎረቤት እጅ እንዳትልኪ። እሳቸው ባሉበት ክፍሎቹን አብራችሁ ዙሩ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቧንቧውን ፎቶ አንሺ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርም አብረሽ አንሺ። በእርጅና የተበላሸው ያንቺ ዕዳ አይደለም፣ የሰበርሽው ግን ያንቺ ነው። ከዚያ «ቁልፍ ተረክቤያለሁ፣ የምጠይቃት ቀሪ ሂሳብ የለም» የሚል ወረቀት አስፈርመሽ ውጪ፣ የቅድሚያው ሂሳብም እዚያው ይተሳሰብ። ውሉ ወረዳ ስለተመዘገበ መቋረጡንም እዚያው አስመዝግቢ። አለበለዚያ አንቺ ሌላ ቤት እየኖርሽ መዝገቡ ላይ አሁንም የዚያ ቤት ተከራይ ነሽ።